ለጀማሪ አስጎብኚ

ልጄ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ ይዘህ በጀልባ ልትመላለስ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ያ ኪስህ ውስጥ የምትይዘው ወረቀት ግን አልጣመኝም። ድምፃቸው አንድ፣ ትርጉማቸው ሌላ የሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረውበታል። ጎን ለጎን ያጠናሃቸው ቃላት አፍህ ላይም ተያይዘው ነው የሚመጡት። እያንዳንዱን ለብቻው፣ ከሚገኝበት ቦታ ጋር ያዘው።

ደንገሉን በእጅህ ይዘህ «ሪድ» በል፤ በድርብ ኢ የሚጻፈው ነው፣ ታንኳው የሚሠራበት። የንባቡ «ሪድ» ከመጽሐፍህ ጋር ይቆይ።

«አይል» ደሴት ነው። በአውሮፓ ካቴድራሎች ውስጥ ከዓምዶቹ ወዲያ ያለው የጎን መተላለፊያም «አይል» ይባላል። ይኸኛው ስሙን ያገኘው ክንፍ ከሚለው የላቲን ቃል ነውና ኤስ የሚባል ፊደል አልነበረበትም፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ከደሴቱ ጋር አምታተው ጨመሩበት። ባለቤቶቹ ከተምታታባቸው አንተ ምን ያሸማቅቅሃል? ደግሞም የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት፤ መተላለፊያው አያስፈልግህም። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብለህ በየስማቸው ጥራና አስረዳ።

እዚያው መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ስታይ የቅኔ ተማሪዎችን አስብ። በግዕዝ፣ በንጉሡ ሠ «ሠዐለ» ሣለ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ «ሰአለ» ለመነ። ጆሮ አይለያቸውም፤ ተማሪው ግን ፊደሉን በስሙ እየጠራ ይለያቸዋል። የእንግሊዝኛውንም እንዲሁ አድርግ፤ ፊደሉን ጮክ ብለህ ጥራ፣ ከዚያ ስለ ሐይቁ የራስህን ዓረፍተ ነገር ጻፍበት። በአማርኛችን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል ይሆናል፤ ጽሑፉ አንድ ነው፣ የሚለየው ጆሮ ነው። በጆሮ መለየት ስለለመድን ይመስለኛል በእንግሊዝኛ ሆሄ የምንሰንፈው።

በግና መርከብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ሺፕ» እያልን አንድ የምናደርጋቸው እኛ ነን እንጂ ለእንግሊዞቹ ድምፃቸው የተለያየ ነው። በጉ ከንፈር ሳብ ተደርጎ፣ ረዘም ብሎ ይባላል፤ መርከቡ አጭርና ልል ነው። ይህን ወረቀት አያስተምርህም። ሬዲዮ ስማ፣ እየሰማህ ድገም፣ ድምፅህን በስልክህ ቀድተህ ከእነሱ ጋር አስተያይ።

አንድ ልጨምርልህ። የለንደን ሰው ምንጭንም ማባያንም «ሶስ» ብሎ ሊጠራቸው ይችላል፤ አሜሪካዊው ግን ምንጩን ሲጠራ አር ፊደሏን ያሰማታል። አንተም አሰማት፤ ለሁሉም ግልጽ ይሆናል። እንግዳው ስለ ዓባይ «ሶስ» ከጠየቀህ መቼም ወጥ አማረኝ ማለቱ አይደለም። ሰከላ ስላለው ግሽ ዓባይ ንገረው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚያ እንደደረሰ ያነበበ ከሆነም፣ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የስፔን ቄስ በ1618 ቀድሞት እንደነበር ጨምርለት።