ዕድል የተሰጠው ሰው ዕዳ አለበትን?

በየቁምስናችን ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ አንድ የታወቀ ነገር ይደጋገማል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ወይም በዩኒቨርሲቲ ያለ ወጣት የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጎ ወደ ቆሞሱ ወይም ወደ ካቴኪስቱ ይመጣል። ደብዳቤው ለነፃ ትምህርት ዕድል፣ ለአመራር ሥልጠና ወይም በውጭ አገር ለሚደረግ የወጣቶች ጉባኤ የሚቀርብ ነው። ቦታው አንድ ሲሆን ጠያቂዎቹ ሦስትና አራት ይሆናሉ። ያን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል፤ ማኅተሙ በማን ወረቀት ላይ ይረፍ? ጥቂት ቆም ብለን ስናስበው ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ እናገኛለን። ለአንድ ተማሪ የተሰጠ ዕድል የማን ነው? የራሱ ሀብት ነውን ወይስ በእርሱ እጅ ለሌሎች የተቀመጠ አደራ? አደራስ ከሆነ መላሽ ሊሆን የሚገባው ለማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «በድካሙ ያገኘው ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። በ2022 ለተሰጠው የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2024 ከተፈተኑትም ከመቶ 5.4 ያህሉ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጠባብ በር ያለፈ ወጣት፣ ይልቁንም መጻሕፍት በሌሉበትና መምህራን በማይበረክቱበት ትምህርት ቤት ተምሮ ያለፈ፣ በሥራው ቢደሰት የሚነቅፈው አይኖርም። በኩራዝ ብርሃን ያነበበው እርሱ ነው፤ እንቅልፉን ያጣውም እርሱ ነው።

ሆኖም ፈተናው የሚመዝነው ወደ ፈተናው አዳራሽ መድረስ የቻለውን ልጅ ነው። ያልደረሰውን አይመዝንም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ፣ ማንም ሰው ይዞት የተወለደውን ተሰጥዖም ሆነ የተወለደበትን ቤት በሥራው እንዳላገኘው፣ ስለዚህም ከዚያ የሚገኘው ጥቅም ወደ ኋላ ለቀሩትም ሊተርፍ እንደሚገባ አስረድቷል። ከእርሱም አስቀድሞ እንግሊዛዊው ማይክል ያንግ በ1958 ባወጣው የምፀት መጽሐፍ፣ ሁሉ ነገር በፈተናና በችሎታ ብቻ የሚከፋፈልበትን ማኅበረሰብ ሥሎ፣ በዚያ የሚኖሩ አላፊዎች ምን ያህል ልበ ደንዳና፣ ወዳቂዎችም ምን ያህል ተስፋ ቢስ እንደሚሆኑ አሳይቶ ነበር። ሮልስ ትጋትን ጭምር ከአስተዳደግ የመጣ ዕድል ነው ወደ ማለት ማዘንበሉን እኛ እስከ መጨረሻው አንከተለውም። የሰውን ነፃ ፈቃድ ለልጆች የሚያስተምር ካቴኪስት፣ ታታሪውንና ሰነፉን ተማሪ አንድ አድርጎ ሊያይ አይችልም። ነገር ግን ትጋት ራሱ የሚበቅልበት መሬት እንደሚያስፈልገው ማንም አይክድም።

ያን መሬት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በገጠሩ ቤታችን አንዱ ልጅ ሲማር ሌላው ከብት ይጠብቃል። ወንድምየው ለፈተና ሲያጠና ውኃውን ከወንዝ የምትቀዳው፣ እንጨቱን የምትለቅመው፣ እናቲቱ በታመመች ጊዜም ትምህርቷን ከአምስተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ጓዳውን የምትይዘው እኅት አለች። አባት ለልጁ የቤት ኪራይና የደብተር ብሎ ወይፈን ይሸጣል፤ በሚቀጥለው ክረምት ለማረስ በሬ ይከራያል ወይም ከጎረቤት ጋር ይቀናጃል። ከተማ ያለችው አክስት ቀድሞውኑ በጠበበው ቤቷ ታስጠጋዋለች። ዘመድ ባለመኖሩም ከቁምስናው ግቢ አንዲት ክፍል ተሰጥቶት የተማረ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ ወጪ ውስጥ በማንም መዝገብ የተጻፈ የለም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ በገባ ዕለት ቤቱ በእልልታ ይሞላል፤ እልል ከሚሉትም መካከል ትምህርቷን የተወችው እኅት ትገኛለች። ምናልባት ከእርሱ የበለጠ አእምሮ የነበራት እርስዋ ትሆን ይሆናል። ይህን መርምሮ የሚያውቅ ፈተና ግን አልተሰጠም።

የታንዛንያው ጁሊየስ ኔሬሬ ይህን ነገር በምሳሌ ተናግረውት ነበር። ኔሬሬ ካቶሊካዊ መምህር ነበሩ፤ በማኬሬሬና በኤዲንብራ ተምረው በዳሬሰላም አቅራቢያ በፑጉ በሚገኘው የቅዱስ ፍራንሲስ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ በ2005ም ሀገረ ስብከታቸው ለብፅዕና የሚያበቃቸውን ምርመራ ጀምሮላቸዋል። ምሳሌያቸው በረኃብ ስለተመታ መንደር ነው። መንደርተኞቹ የቀረቻቸውን ጥቂት እህል ሰብስበው ለአንድ ሰው ይሰጡታል፤ በልቶ በርትቶ ከሩቅ ሥፍራ ምግብ ያመጣላቸው ዘንድ። ያ ሰው በልቶ ሳይመለስ ቢቀር ከሃዲ ነው። የተማረውም ሰው እንዲሁ ነው ይሉ ነበር።

ምሳሌው ልብን ይነካል፤ ወደ ሕግ በተለወጠ ጊዜ ግን ምን እንደደረሰ ልናስተውል ይገባናል። በ1966 የታንዛንያ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለመሰሎቻቸው የሁለት ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት ግዴታ ደነገገ፤ አብዛኛውም ጊዜ በከፊል ደመወዝ ብቻ የሚያገለግሉበት ነበር። በጥቅምት ወር ተማሪዎቹ የትምህርት ካባቸውን ለብሰው ተሰልፈው ተቃወሙ። ከቅሬታቸው አንዱ ባለሥልጣኖች በምቾት እየኖሩ መሥዋዕትነት ከእኛ ብቻ ይጠየቃል የሚል ነበር። ኔሬሬ እጅግ ተቆጡ፤ 400 የሚጠጉ ተማሪዎችን ወደየቤታቸው ሰደዱ። በዚያው ጊዜ ግን የራሳቸውን ደመወዝ ከመቶ 20 ቀነሱ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከጊዜ በኋላ ተመልሰው ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። እኛ እንደምናስበው የተማሪዎቹ ጥያቄ በከፊል እውነት ነበረው፤ የደመወዙ መቀነስም ይህን የሚመሰክር ነው። ዕዳህን ክፈል የሚል ሰው አስቀድሞ የራሱን መክፈል አለበት።

በሀገራችንም ተመሳሳይ ታሪክ አለን። በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያዝ ነበር። ከእነርሱ የሚበዙት አስተማሪዎች ሆኑ። ብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ሀገራቸውን መጀመሪያ ያዩት በዚያ ዓመት ነው፤ በአንጻሩም ብዙ የአውራጃ ልጆች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን እንደሚመስል ያዩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ፣ ደርግ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አዘመተ። ዓላማው ሲነገር የቀድሞውን ይመስላል፤ ማስተማር፣ መሃይምነትን ማጥፋት፣ ከገበሬው ጎን መቆም። ሆኖም ዘመቻው ወጣቱን ከዋና ከተማው ማራቂያም ነበር፤ ከዘመቱትም ብዙዎች ጥለው ተመለሱ። ሁለቱን ስናነጻጽር ልዩነቱን በግዴታ መኖርና አለመኖር ብቻ አናገኘውም፤ ሁለቱም ግዴታ ነበራቸውና። የመጀመሪያው አንድ ዓመት ጠይቆ ተማሪውን ወደ ትምህርቱ ይመልሰው ነበር፤ ሁለተኛው ግን የተማሪውን ሕይወት ለሌላ ሰው ዕቅድ መሣሪያ አደረገው። ስለ ዕዳ የሚናገር ሁሉ ይህን ድንበር ይጠብቅ ዘንድ ግድ ነው። ተበዳሪም ቢሆን ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ዓይነት ምሳሌ ማስታወስ እንወዳለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ሉሲየን ማት ነበሩ። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ቀድሞ በ1945 የመጡት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሊያስተዳድሩ ነበር። የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው፣ ተማሪዎቹንም ወደ ራሳቸው ሥርዓት ላለመሳብ ተስማምተው ነው ያስተማሩት። ከተማሪዎቻቸው ሚኒስትር የሆነ አለ፣ መምህር የሆነ አለ፤ ነገር ግን ለካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ይህን አድርጉልን ብለው በውለታ መልክ አልጠየቁም። የእነርሱ ስጦታ በእውነት ስጦታ ነበር፤ ብድር አልነበረም።

እንግዲህ ዕድል አንድ ጊዜ ዕዳ፣ አንድ ጊዜ ስጦታ ሆኖ ይታየናል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ እኛ ግን አይጣሉም እንላለን። ለሰጪው ሲታይ ስጦታ ነው፤ የሰጠ ድርጅትም ሆነ ቁምስና ወይም መንግሥት ተማሪውን የራሱ ንብረት ሊያደርገው አይችልም። የተማሪው ዕዳ ያለው ሳይሰጣቸው በቀሩት ዘንድ ነው። ወይፈኑን ለሸጠው፣ ትምህርቷን ለተወችው፣ በዚያው ዓመት በአንድ ነጥብ ለወደቀው ጎረቤት። እነዚህ አበዳሪዎች ውል የላቸውም፤ ከስሰውም አያስከፍሉም። ዕዳው የሕሊና ዕዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2003 መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን ሲደነግግ ምሩቃን ከደመወዛቸው እየተቆረጠ እንዲከፍሉ አደረገ፤ ያ ለመንግሥት ግምጃ ቤት የሚከፈል ነው፣ ተገቢም ነው። የእኅቲቱ ሒሳብ ግን በዚያ አይዘጋም።

«ታዲያ ውጭ አገር የቀረው ሁሉ ከሃዲ ነውን?» ብለው የሚጠይቁን ወላጆች አሉ። እንዲህ ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። በዋሽንግተን ወይም በሮም ሆኖ ሌሊት እየሠራ ሦስት ወንድሞቹን ያስተማረ ሰው፣ ተመልሶ በአዲስ አበባ ለራሱ ብቻ ከሚኖረው ይልቅ ዕዳውን ከፍሏል። እርግጥ ነው፣ የሚላከው ገንዘብ የትምህርት ክፍያ ይሆናል እንጂ የጎደለውን የፊዚክስ መምህር አይተካም። ስለ አንድ ነገር ግን መጠራጠር የለብንም። እንደ ብሪታንያው ቼቭኒንግ ያሉ ዕድሎች ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስፈርማሉ። ላለመመለስ አስቦ የፈረመ ሰው ዋሽቷል፤ በእርሱ ፈንታ ሊመለስ የነበረውንም ሰው ቦታ ወስዷል።

ስለ አመራር ዕድሎች ጥቂት እንጨምር። በ1902 የሞተው ሴሲል ሮድስ በኑዛዜው ያቋቋመው የትምህርት ዕድል ከውጤት ሌላ ጠባይንና ሌሎችን የመምራት ዝንባሌን ይጠይቅ ነበር። ዛሬም ብዙ የትምህርት ዕድል ማመልከቻዎች «ምን መርተሃል?» ይላሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ያስከተለው ልማድ ግን መልካም አይደለም። የሦስት ክበባት ሊቀ መንበር ሆኖ አንዱንም ክበብ ሰብስቦ የማያውቅ ተማሪ አይተናል፤ የሰበሰበው የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። በፈተና ያገኙት ነጥብ ከማንም አይወሰድም። የሊቀ መንበርነት ወንበር ግን ከሌሎች የተገኘ ነው፤ የመረጡት ጓደኞቹ ባያምኑት አይቀመጥበትም። ስለዚህ ወንበሩን ወደሚቀጥለው ወንበር መሸጋገሪያ ብቻ ያደረገ ሰው ያመኑትን ሰዎች መሰላል አድርጓቸዋል። ወጣቱ መሪ መሆኑን የምናውቀው የምስክር ወረቀት በማይሰጥበት ሥራ ነው፤ በሰንበት ልጆችን ሲያስተምር፣ በለቅሶ ቤት ወንበር ሲሸከም፣ ከእርሱ የተሻለ ሰው ሲገኝ ቦታውን ሲለቅ።

ለልጃገረዶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ማለቱን ፍርደ ገምድልነት የሚሉ ምእመናን አሉ። ከላይ ስለ ውኃ ቀጂዋ እኅት የተናገርነው ለዚህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። የቁምስና ምክር ቤቶችና ካቴኪስቶች ከጠያቂዎቹ አንዱን ሲመርጡ ውጤቱን ማየታቸው ተገቢ ነው፤ የአባቱን ስም ማየት ግን ተገቢ አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ አመልካች አንድ ጥያቄ እንዲቀርብ እናሳስባለን፤ «አንተ እንድትማር ከቤታችሁ ማን ቀረ?» መልሱን በዝርዝር የሚያውቅ ወጣት አለ፤ ጥያቄው ራሱ የሚያስደነግጠውም አለ። ከተመረጠው ጋርም ስለ ክረምቱ አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ለዕረፍት በተመለሰ ጊዜ በቁምስናው አዳራሽ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠና ዘንድ፣ ከሚያስጠናቸውም መካከል ደብዳቤ ያልተጻፈላቸው ሦስቱ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ይጠሩ ዘንድ። ትምህርቷን ያቋረጠችውም እኅት የማታ ትምህርት ልትጀምር ብትሻ፣ የምዝገባ ገንዘቧን ለመክፈል የመጀመሪያው ተጠያቂ ማን እንደሆነ በዚያው ስብሰባ ላይ ቢነሣ መልካም ነው።