ሰባት ክንድ መንገድ

 

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቦይ ነው። «ቦይን ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የምትል ወንድሜ፣ ጥቂት ታገሠኝ።

የምኖረው ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ከሱብሒ ሶላት ስመለስ የጎረቤቴ፣ የአንዲት አሮጊት እናት ቤት ውኃ ገብቶበት ፍራሹ፣ ዱቄቱ፣ የልጅ ልጃቸው ደብተር ሳይቀር ደጅ ወጥቶ አገኘሁ። ላጽናናቸው ጠጋ ስል፣ «ልጄ፣ ውኃው ቤቴን የለመደው አጥርህን ካስጠጋህ ወዲህ ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እውነታቸውን ነበር። የቆርቆሮ አጥሬን በግንብ ስለውጥ የመንገዱን ዳር ቦይ ወደ ግቢዬ አስገብቼ ነበር፤ ሁለት ክንድ ያህል። የከለከለኝ አልነበረም፤ ጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ አድርጓል። አንድ ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በትንሣኤ ቀን ከሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ግን በሰማሁት ቁጥር በዓይኔ የሚመጣው የየቲም እርሻ የነጠቀ ባላባት ነበር። የመንገድ መሬት ባለቤት የሌለው ይመስለን የለ?

እነዚሁ ሁለት ሊቃውንት ሌላም ዘግበውልናል፤ ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲከራከሩ ሰባት ክንድ ይሁን ተብሎ ተፈርዷል። ኩፋ በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ ስትቆረቆርም ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች 40 ክንድ፣ ቀጣዮቹ 30፣ ከዚያ 20፣ የሠፈር ውስጥ መተላለፊያው 7 ክንድ እንዲሆን ማዘዛቸውን ጠበሪ ጽፏል። ልብ በሉ፤ መንገዱ አስቀድሞ ተለካ፣ ቤቱ ኋላ መጣ።

የእኛዋም ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር እንዲሁ ነበረች። እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው የመሐል ከተማው ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና የዚያ ዘመን ቅየሳ ነው። ከዚያ ወዲህ ያደገው ግን አብዛኛው ቤቱን ሠርቶ ኋላ መንገድ የሚለምን ሠፈር ነው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ በ2012 ዓ.ም. ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። ሥራ ፍለጋ ለመጣው ወጣት ከፋብሪካው ሼድ እኩል መኖሪያ ስላልታሰበለት፣ እኛ በየግቢያችን ሰርቪስ ቤት ደረደርንና አከራየን። (እኔም ሦስት ክፍል አለኝ፤ አልደብቅም።) አፈር የነበረው ግቢ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሆነ። ድሮ መሬቱ ይጠጣው የነበረ ዝናብ አሁን በሙሉ ወደ ቦይ ይወርዳል፤ ቦዩን ደግሞ አጥሬ ውጦታል።

ቦዩ ካልተደፈነስ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሐይቁ። የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ላስቲክ፣ ዘይትና ደለል እዚያው ይቀራል። በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ይመግበው የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ሐይቁ ራሱ ከፍ ብሎ ዳርቻውን ማጥለቅለቁን የሠፈሩ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ውኃ ቦታውን አይረሳም፤ የምንረሳው እኛ ነን።

ፕላን የለም እንዳንል የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከወጣ ዘመን አስቆጥሯል። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቦታ ለወዳጅ ሲመራ፣ የቦዩ መሥመር በጉቦ ሲታጠፍ፣ ፕላኑ ምን ያድርግ? በሐዌላ ቱላ በኩል ከተማዋ ስትሰፋ ስለሚነሣው ገበሬም አንድ ቃል ልበል። የመዲና መስጂድ የተሠራበት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። በነፃ እንስጥ ቢሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይከፍሉ አልወሰዱትም። ለመስጂድ እንኳ! አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ካሣው አስቀድሞ ይከፈል ይላል። ፊርማው ያለበት ወንድሜ ይህን ያውቃል።

እኔ ግን ከሰው በፊት ራሴን ልያዝ። በጁሙዓ ዕለት ግንበኛ ጠርቼ ግንቡን አፈረስኩ። ጎረቤቴ በደጃቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና ገመድ ይዘው መጡ። ሁለታችን መንገዱን በክንድ ለካነው፤ አምስት ተኩል ሆነ። የቀረው አንድ ክንድ ተኩል በፊት ለፊቱ ጎረቤት ግንብ ሥር ነው። ነገ ከመግሪብ በኋላ እናቴ ቡና ይዘው፣ እኔ ገመዱን ይዤ አብረን እንሄድበታለን።