«ጠባዩ ነው» ማለት ይበቃልን?

አምስት ጓደኛሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል እንበል። በፊታቸው ወረቀት፣ እርሳስና ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ ተዘርግቷል። አራቱ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው በእርሱ አንደበት ይናገራሉ፤ አምስተኛው የጨዋታው መሪ ነውና የታሪኩን ዓለም ይተርካል፣ ዳኝነትም ይሰጣል። ጀግኖቹ ለብዙ ምሽቶች ከደከሙበት ዋሻ የከበረ ዕንቁ ይዘው ወጥተው በዱር ውስጥ አድረዋል። በዚህ መካከል ከአራቱ አንዱ፣ «የእኔ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ዕንቁውን ሰርቆ ይጠፋል» ይላል። ባልንጀሮቹ ቅር ሲሰኙ መልሱ አጭር ነው፤ «ምን ላድርግ? የገጸ ባሕርዬ ጠባይ ነው።»

ይህ መልስ የሚና ጨዋታ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ ቢመስልም በውስጡ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፤ ሰው ጠባዩን ምክንያት አድርጎ ከሥራው ተጠያቂነት ሊያመልጥ ይችላልን?

የጥያቄው ሥር በጨዋታው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን ጨዋታ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር «ቼይንሜይል» የተባለ የጦርነት ጨዋታ ደንብ አዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ደንብ ውስጥ የተረት ፍጥረታት በሦስት ወገን፣ ማለትም በሥርዓት፣ በሁከትና በገለልተኝነት ተከፍለው ተዘርዝረዋል። የክፍፍሉ ዓላማ የትኛው ፍጥረት ከየትኛው ሠራዊት ጋር እንደሚሰለፍ ማሳየት ነበር። እንግሊዝኛው «አላይንመንት» የሚለውን ቃል አማርኛ «አሰላለፍ» ብሎ ቢመልሰው ይህን የመጀመሪያ ትርጉም በሚገባ ይይዘዋል፤ ሰልፍ በጥንቱ አነጋገር ጦርነትም ነውና።

ሲውል ሲያድር ግን ቃሉ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ወደ ልብ ውስጥ ገባ። በ1978 በታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ አሰላለፉ ዘጠኝ ሆነ፤ ሕግ አክባሪ፣ ገለልተኛና ሥርዓት የለሽ የሚሉት ሦስቱ፣ በጎ፣ ገለልተኛና ክፉ ከሚሉት ሦስቱ ጋር እየተጣመሩ። የወገን ስም የነበረው የነፍስ ስም ሆነ። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ደግሞ «ሥርዓት የለሽ ገለልተኛ» የተባለውን የእብዶች ጠባይ አድርጎ ገለጸው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታን ማመስ ለሚወድ ተጫዋች ይህ ስም እንደ ፈቃድ ወረቀት ማገልገሉ አያስገርምም።

ይሁንና የሚያውከው ክፉው ወይም ሥርዓት የለሹ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ሕግ አክባሪና በጎ መሆን የተገደደው ፓላዲን የተባለው ተዋጊ፣ እያወቀ ከክፉ ሰው ጋር እንዳይተባበር ደንቡ ይከለክለው ነበር። ስለዚህ የጓደኞቹን ኪስ የሚፈትሽ፣ ለእያንዳንዱ ውሸት ስብከት የሚሰብክ፣ ምርኮኛ በተያዘ ቁጥር ጉዞውን በክርክር የሚያቆም ፓላዲን ብዙ ምሽት አበላሽቷል። እርሱም ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፤ «ጠባዬ ነው።» እንግዲህ የሁከቱ ምንጭ ክፋት ቢሆን ኖሮ በጎው ባላወከ ነበር። ምንጩ ሌላ ነው፤ ተጫዋቹ በስሙ ጥላ ሥር ተጠልሎ፣ ምርጫውን እንዳልመረጠው ማድረጉ ነው።

አርስቶትል በ«ኒቆማኮሳዊ ሥነ ምግባር» ውስጥ ጠባይ በተደጋገመ ሥራ እንደሚገነባ ካስረዳ በኋላ፣ ጠባዩ የገዛው ሰው እንኳ ከተጠያቂነት እንደማይድን ይከራከራል። ድንጋይ የወረወረ ሰው ከእጁ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው አይችልም፤ መወርወሩ ግን በእጁ ነበር። ይህ ለሰው ሁሉ እውነት ከሆነ ለተጫዋቹ እጥፍ እውነት ነው። ሌላው ሰው ጠባዩን ከአስተዳደጉ፣ ከዘመኑ፣ ከደረሰበት መከራ ጭምር ያገኘዋል። ተጫዋቹ ግን የገጸ ባሕርዩን ጠባይ በገዛ እርሳሱ ጽፎታል፤ ሲሻውም ላጲስ አለው።

እዚህ ላይ ቀላል የማይባል ተቃውሞ ይነሣል። ገጸ ባሕርይ ሁሉ መልካምና ተስማሚ ይሁን ከተባለ ታሪክ ይሞታል፤ ያለ ከዳተኛ የክህደት ታሪክ የለም። እውነት ነው። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ወደ አማርኛ የተመለሰው «ኦቴሎ» ያለ ኢያጎ ምን ይቀረው ነበር? ነገር ግን ኢያጎን የሚጫወተው ተዋናይ የመድረክ ባልደረቦቹን አይበድልም። ኦቴሎ ቢታለልም ኦቴሎን የሚጫወተው ሰው አልተታለለም፤ ሁሉም ድርሰቱን አስቀድመው አንብበዋል፣ ተስማምተውም ወጥተዋል። የሚና ጨዋታ ግን አስቀድሞ የተጻፈ ድርሰት የለውም። ስለዚህ በድርሰቱ ቦታ ስምምነት መግባት አለበት። ስምምነት በሌለበት የሚፈጸም ክህደት ከገጸ ባሕርዩ አልፎ ሰውየውን ይነካል። የተሰረቀው ዕንቁ በወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል ነው፤ አራት ሰዎች ከሥራና ከቤተሰብ ቆጥበው ያመጡት ምሽት ግን እውነተኛ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የቀድሞው ደንብ መልስ ቅጣት ነበር። በ1979 የታተመው የመሪዎች መጽሐፍ ከአሰላለፉ የራቀ ገጸ ባሕርይ የደረሰበትን አንድ ደረጃ እንዲያጣ ያዝዛል። ይህ ግን አዋኪውን አይነካውም፤ ሥርዓት የለሽ ነኝ ያለ ሰው ሲያውክ ለስሙ ታማኝ ነውና። መሪው ተናዶ ሌባውን በመብረቅ ቢገድለውም ለሰውየው ሊነግረው የሚገባውን ለጭምብሉ ነገረ ማለት ነው። የሚሻለው ጨዋታውን ለጥቂት ደቂቃ አቁሞ ወንድም ወንድሙን እንደሚያነጋግር በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው። ከዚያም የሚሻለው ከመጀመሪያው በፊት መቀመጥ ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች «ዜሮኛው ስብሰባ» በሚሉት በዚህ ምክክር ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚፈለግ፣ ክህደት ይፈቀድ እንደሆነና የማይነካው ነገር ምን እንደሆነ ይወሰናል። እያንዳንዱም አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ «ይህ የፈጠርሁት ሰው ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚጓዘው ለምንድን ነው?»

አሳታሚዎቹም ደንቡን እያላሉ መጥተዋል። በ2008 አሰላለፉ ወደ አምስት ዝቅ አለ፤ በ2014 ዘጠኙ ቢመለሱም ፓላዲኑ በጎ የመሆን ግዴታው ቀርቶለታል፣ ስሞቹም ከመግለጫነት ብዙም አያልፉም። ይሁን እንጂ «ጠባዬ ነው» የሚለው መልስ ከደንቡ ጋር አልጠፋም፤ ምንጩ መጽሐፉ አልነበረምና።

አማርኛ «ዓመል ያወጣል ከመሐል» ይላል። ተረቱ ዓመል የለም አይልም፣ ባለ ዓመሉንም ይቅር አይለውም፤ ዋጋውን ብቻ ይነግረዋል። ያ ተጫዋች ሌባውን ሌባ አድርጎ ሊያቆየው ይችላል። ሌሊት ተነሥቶ እጁን ወደ ዕንቁው ይዘርጋ። ከዚያም ከተኙት አንዱ ትናንት ከገደል እንዳወጣው ያስታውስና እጁን ይመልስ። ሌባው አሁንም ሌባ ነው፤ አራቱ ተጫዋቾችም በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ይመጣሉ።