እንግዳ በሌለበት መትጋት



በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ የሚበዛው በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ይወርዳል፤ እንግዳም እምብዛም አይመጣም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በሳንቃበር የእንግዳ ማደሪያውን የሚጠብቅ ሰው ግን ብርዱን ችሎ ይቀራል፤ የሚያመሰግነው ባይኖርም አደራው አደራ ነው።

ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ባለቤቱ ርቆ ሲሄድ በረኛው እንዲተጋ መታዘዙን ያስተምረናል። የመመለሻው ሰዓት ግን አልተነገረውም።

እኛስ? በወሩ በ5 የሳሪስ አቦ ቅጽር በምእመናን ሲሞላ ለመዘመር እንሽቀዳደማለን። በማግስቱ ቅጽሩን የሚጠርግ፣ ከትምህርት የቀረውን ሕፃን ቤቱ ሄዶ የሚጠይቅ ማን ነው? አገልግሎት የሚፈተነው እልልታው ጸጥ ሲል ነው። እንግዲህ በ5 የዘመርን በ6ም መጥረጊያ ይዘን እንገኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።