ስለ መጠጥ ቤት ፈቃድና ስለ ምእመናን ትሕርምት

በወላይታ ምድር፣ ከሶዶ በስተሰሜን ምዕራብ፣ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉኑኖ፣ ነጋዴዎችና ሠራተኞች በአንድነት ሆነው ከሥራ በኋላ የሚያርፉበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበትና ማዕድ የሚቆርሱበት የመዝናኛ ክበብ ለማቋቋም ተነሡ እንበል። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ምግቡን ፈቅዶ መጠጡን ግን «የአካባቢው ሕዝብ አማኝ ነውና አይሆንም» ብሎ ቢከለክላቸው፣ እነርሱም ይህን ክልከላ ተቃውመው ይግባኝ ቢሉ፣ ይግባኙን የሚሰማው ዳኛ በሚዛኑ ላይ የሚያኖረው ምንና ምን ነው? ነገሩን በምሳሌ ማቅረቤ እንዲህ ሆኗል ለማለት አይደለም፤ ስለ ቢራና ስለ ጠጅ የተነሣ የሚመስለው ክርክር ከሥሩ ሲመረመር ስለ ኅሊና፣ ስለ ነጻ ፈቃድና ስለ ምድራዊ ሥልጣን ወሰን የሚነሣ ክርክር ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ጉኑኖን የመረጥሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። በወላይታ ከመጠጥ መራቅ በገዳም የተወሰኑ የጥቂት መናንያን ግብር ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የብዙ ቤተ ሰብ ሥርዓት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ከግማሽ በጥቂት የሚበልጠው የፕሮቴስታንት፣ ከመቶ 42 የሚሆነው ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ነበር። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ ገብተው ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ፣ አዲሱን እምነት የተቀበለ ሰው ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ መጠጥን መተዉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የኢጣሊያ ወራሪ መልእክተኞቹን ከአገር ባስወጣ ጊዜ በስተኋላቸው የቀሩት የተጠመቁ ምእመናን ከ50 የማይበልጡ ነበሩ፤ ሽማግሌዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ የጸሎት ቤቶቻቸው ተዘጉ፤ ሆኖም ስደቱ ሲያልፍ ቁጥራቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ለእነዚህ ሰዎች ትሕርምት ዘብ የቆመ ሹም፣ ስለ እነርሱ መጠጥ ቤት የዘጋ አዋጅ አልነበረም። ሥልጣን በጠላትነት በቆመባቸው ዘመን ጽዋውን ገፍተው የኖሩት በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ የገድላቸውም ክብር ከዚህ የተነሣ ነው።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በዚህ ረገድ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ቅዱስ ቍርባንን ከዘቢብ በተጨመቀ ወይን ታከብራለች፤ ምእመኗም በጻድቅ ወይም በሰማዕት ስም ጽዋ ማኅበር ይጠጣል፤ ጌታ በቃና ዘገሊላ ውሃውን ወደ ወይን የለወጠበትን ተአምር ጥር 12 ቀን በታላቅ ደስታ ታስባለች። በሐዋርያት ስም በሚጠሩት ቀኖናዎች ውስጥ ሁለት ትእዛዛት ተራርቀው ሳይሆን ተቀራርበው ይገኛሉ፤ አንደኛው በስካር የተያዘውን ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ያዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለተጋድሎ ሳይሆን የእግዚአብሔርን ፍጥረት እንደ ርኩስ ቈጥሮ ወይንን የሚጸየፈውን ካህን እንዲሁ ይገሥጻል፣ ካልተመለሰም ይሽራል። እነዚያ አባቶች ምን ያህል ጠንቅቀው እንደመዘኑት ሳስብ እጅግ እደነቃለሁ። ዕቃውን ሳይሆን የሰውየውን ልብ ነው የመረመሩት፤ ስለ ፍቅር የተወውን አመስግነው በጥላቻ የተወውን ነቀፉት። ሐዋርያው ጳውሎስም ወንድሙን የሚያሰናክል እንደሆነ ወይንን መተው መልካም መሆኑን ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ለሚወድ ልብ ምክር አድርጎ እንጂ ለአገረ ገዥ መመሪያ አድርጎ አይደለም።

እንግዲህ ለአንዱ ትሕርምት የሆነው ለሌላው በዓል በሆነበት ምድር፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሹም በየትኛው ቀኖና ይፈርዳል? እኔ የምለው፣ በሁለቱም መፍረድ አይገባውም ነው። ይህን ስል ግን የሹሙን ጭንቀት አቃልዬ አይደለም። ምናልባት እርሱ ራሱ ጽዋ ቀምሶ የማያውቅ፣ በሰንበት በጸሎት ቤት ከፊት ረድፍ የሚቀመጥ ሰው ይሆናል፤ ብዕሩን አንሥቶ በማመልከቻው ግርጌ ሲፈርም በዚያ ቤት ለሚሰክረው ሁሉ፣ ደሞዙን በአንድ ሌሊት አጥፍቶ ወደ ሚስቱ ለሚመለሰው ሁሉ ተባባሪ የሆነ ይመስለዋል። ይህ ፍርሃት የቅን ሰው ፍርሃት ስለሆነ መልስ ይገባዋል። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ በእስራኤል አምላክ አምኖ ሳለ፣ ንጉሡ በሬሞን ቤት ሲሰግድ በክንዱ ላይ ስለሚደገፍ እርሱም አብሮ መጎንበሱ ይቅር ይባልለት እንደሆነ ነቢዩ ኤልሳዕን በጠየቀው ጊዜ ነቢዩ በሰላም አሰናበተው። የሹመት ሥራና የልብ አምልኮ አንድ አለመሆናቸውን ነቢዩ ተረድቶለታል። በጉኑኖ ያለው ሹምም ፊርማው ሕጉ የጠየቀው ሁሉ መሟላቱን የሚመሰክር እንጂ መጠጡን የሚባርክ አይደለም።

ሃይማኖት በመጠጥ ፈቃድ ላይ ሊኖረው ስለሚገባው ድርሻ ከባሕር ማዶ የተፈረደ አንድ ፍርድ አለ። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ፣ በካምብሪጅ ከተማ፣ በሃርቫርድ አደባባይ የሚገኘው ግሬንደልስ ዴን የሚባለው ምግብ ቤት የመጠጥ ፈቃድ ጠየቀ። በዚያ ግዛት ሕግ መሠረት በ500 ጫማ ርቀት ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት በጽሑፍ ከተቃወመ ፈቃዱ አይሰጥም ነበር፤ የቅዱስ መስቀል የአርመን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም 10 ጫማ ብቻ ርቃ ስለነበረች ተቃወመች፤ ፈቃዱም ተከለከለ። ምግብ ቤቱ ተከራክሮ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1982 ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ ሕጉን ሻሩት። በዋናው ዳኛ በዋረን በርገር እጅ የተጻፈው ፍርድ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ መንግሥት በአብያተ ክርስቲያናትና በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ጸጥታ እንዲኖር መጠበቁ አልተነቀፈም፤ የተነቀፈው የመወሰኑን ሥልጣን ምክንያት ለመስጠት ግዴታ በሌለባት ቤተ ክርስቲያን እጅ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ተቃውሞዋን ማሰማት ትችላለች፤ ቃሏ ግን ከምስክር ቃል አልፎ የፍርድ ቃል ሊሆን አይችልም። እኔ በዚህ ፍርድ ውስጥ የማየው የመጠጥ ሻጩን ድል ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ከማይገባት ሸክም ዐርፋለች። በጸሎትና በተግሣጽ ልብን መመለስ የታዘዘች እናት የንግድ ፈቃድ ከልካይ ከሆነች፣ ነገ በደጇ የሚቆመው ነጋዴ ለንስሐ ሳይሆን ለምልጃ፣ ምናልባትም ለእጅ መንሻ የሚመጣ ይሆናል።

ይህ አሳብ ከውጭ ብቻ የመጣብን እንዳይመስል፣ አባቶቻችን ለብዙ ዘመን የተዳኙበትን ፍትሐ ነገሥት መመልከት ይበቃል። መጽሐፉ 51 አንቀጽ ሲኖረው፣ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊው ሥርዓት፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊው ሥርዓት የተጻፉ ናቸው። ያን ጊዜ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ተሳስረው የኖሩ ቢሆኑም፣ የንስሐ ቀኖናና የገበያ ዳኝነት በአንድ አንቀጽ እንዲደባለቁ አልተደረገም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጎ፣ በአንቀጽ 41 ዜጋው በመረጠው ሥራ እንዲሠማራ፣ በአንቀጽ 37 ደግሞ ፍርድ ሊሰጥበት የሚገባውን ጉዳይ ወደ ዳኛ እንዲያቀርብ መብት ሰጥቶታል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የመጠጥን ጉዳት ያቃለለ ሰው ወላይታን አያውቅም። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ በሆነበት አገር፣ የአንድ ሰው የስካር ወጪ የልጆቹን እህል የሚነካው ወዲያውኑ ነው። የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኲናስ የሰው ሕግ ክፋትን ሁሉ ሳይሆን ይልቁንም ሌላውን የሚጎዳውንና ማኅበራዊ ኑሮን የሚያፈርሰውን ክፋት መከልከል እንዳለበት ሲያስተምር፣ መንገዱን በሚገባ አሳይቷል። ጉኑኖ የአፈር ጥበቃ ምርምር ከተካሄደባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት፤ በዚያ ገደላማ ማሳ ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ ዝናቡን ከሰማይ እንደማይከለክል፣ ነገር ግን አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድበት እንደሚገታው፣ ሕግም እንዲሁ ነው። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል እንዳይሸጥ የከለከለው፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውንም የመጠጥ ማስታወቂያ ያስቆመው በዚህ መንገድ ነው፤ ምእመንን ከኢ-አማኝ ሳይለይ ሕፃንን ይጠብቃል።

ደግሞም በሃይማኖት ስም የሚደረገው ክልከላ የሚነካው ማንን ነው? በወረቀት የሚተዳደረውን፣ ግብር የሚከፍለውን፣ በሩን በቀን የሚከፍተውን ነው። በየመንደሩ ቦርዴ የምትጠምቀው፣ አረቄ የምታወጣው፣ በዚያም ልጆቿን የምታሳድገው እናት ቀድሞም ፈቃድ አልጠየቀችም። ጠጪው ከክበቡ ደጅ ቢመለስ ወደ እርሷ ጓዳ ይሄዳል፤ ሹሙም አገሩ ከመጠጥ የነጻ እየመሰለው ይተኛል። እንዲህ ያለው ንጽሕና ለዐይን ብቻ የሚታይ ንጽሕና ስለሆነ፣ ለእውነተኛው ትሕርምት ነውር ይሆንበታል እንጂ ረዳት አይሆነውም። መጠጥ በሌለበት አገር የማይጠጣ ሰው ምን ትቶ ነው ተወ የሚባለው?

ስለዚህ በምሳሌ ያቀረብሁት ይግባኝ በእውነት ከዳኛ ፊት ቢቀርብ፣ «ሕዝቡ አማኝ ነው» የሚለው ምክንያት ብቻውን ሊጸና አይገባውም እላለሁ። ክበቡ ከትምህርት ቤት ደጅ ጋር ተያይዞ ከሆነ፣ በሌሊት ጩኸቱ ሕሙምን ዕረፍት የሚነሣ ከሆነ፣ ለልጆች መሸጡ ከታወቀበት፣ ክልከላው ይጽና፤ ይህን ምክንያት ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሃይማኖት የሌለውም ሊመረምረውና ሊሟገትበት ይችላልና። ሹሙም ምክንያቱን ጽፎ፣ ማስረጃውን ቈጥሮ ይስጥ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎችና የደብሩ አለቃ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ቀርበው ያዩትን ይናገሩ። ከእነርሱም ይልቅ ዳኛው አስቀድሞ ሊሰማት የሚገባ ሌላ ምስክር አለች፤ በስሟ ብዙ ሲነገርላት እርሷ ግን በችሎት እምብዛም የማትጠየቀው የጠጪው ሚስት ናት። ክበቡ በስንት ሰዓት ቢዘጋ ባሏ ከነደሞዙ እንደሚመለስ፣ በዱቤ መጠጣት ቢከለከል ቤቷ ምን ያህል እንደሚተርፍ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለምና፣ ፈቃዱ ቢሰጥ የሚሰጥበት ሁኔታ፣ የመዝጊያው ሰዓትና የዱቤው ክልከላ በእርሷ ቃል ተመዝኖ ቢጻፍ መልካም ነው።