እንጀራው ለስንት ይቆረስ?

አንድ ጥያቄ ከጋይንት ይዤ ከተመለስኩ ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን በወጉ አልመለስኩትም። መንግሥት ለ5 ሰው ብሎ የላከውን እህል ለ10 ሰው ያካፈለ የቀበሌ ሹም አጥፊ ነው ወይስ ደግ ሰው?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ እስቴና ላይ ጋይንት ተደግፈውታል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል እየተሰነጣጠቀ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋውን ውርጭና በረዶ፣ ቆላውን ድርቅ ይመታዋል። የእርዳታ እህል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ድሮ ግን የሚመጣው ረሃቡ ከተወራ በኋላ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በሬው ከተሸጠ በኋላ።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ፤ ጋይንትና ስማዳም ገቡበት። እርዳታው በየዓመቱ ለ6 ወር፣ መጠኑ አስቀድሞ ታውቆ የሚሰጥ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ለአንድ ነፍስ በወር 5 የሥራ ቀን፣ ለአንዱ ቀን 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር። 5 ነፍስ ያለበት ቤት በወር 75 ኪሎ ወይም 150 ብር ያገኛል ማለት ነው። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አቅም የሌለው ሳይሠራ ይቀበላል። ድሃውን የሚለየውም ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ሳይሆን የጎጡ ሰው ራሱ ነው። ስለ አስተዳደር ፈጠራ ሲወራ ኮምፒዩተር ለሚታያቸው ሰዎች ይህ ምንም ላይመስላቸው ይችላል። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ ከላይ የሚመጣው ኮታ ከድሃው ቁጥር ያንሳል። ታዲያ ቀበሌዎቹ ምን አደረጉ? 5 ነፍስ ካለው ቤት 2ቱን ብቻ እየመዘገቡ የቀረውን ለጎረቤት ሰጡ። መመሪያው ደግሞ ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ ይመዝገብ ይል ነበር። ምክንያት አለው። 2 ስም በወር 30 ኪሎ ነው፤ ለ5 ሰው ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ 6 ኪሎ ይደርሳል። በ6 ኪሎ ሰው ይሰነብት ይሆናል እንጂ ጥሪት አይዝም፣ ከድህነትም አይወጣም።

አንድ አዛውንት የኮሚቴ አባል ጠየቅኩ። «አባቴ፣ ለምን እንደ መመሪያው አትሠሩም?»

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «የእኔ ቤት ሲጤስ እያየ ጦሙን ያደረ ጎረቤት፣ ነገ ሬሳዬን ይሸከማል?»

እኛ የከተማ ሰዎች ዕድር የምንለውን እነሱ ቅሬ ይሉታል። መልሳቸው ረታኝ። መመሪያውን የጻፈው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ከመዝገቡ የቀረው ድሃ ከደጁ አይቆምበትም።

በማግስቱ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አገኘሁ። አራት ልጆች አሏት፤ የተመዘገበው ግን 2 ስም ነው። ጎረቤቷ ጥማድ በሬ አለው፤ ለእሱም 2 ስም። እኩል ተቆረሰላቸው! ለምን በስብሰባው ላይ እንዳልተናገረች ጠየቅኳት።

«መሬቴን በእኩል የሚያርስልኝ እሱ አይደለም እንዴ? በሰው ፊት ስሙን ባነሳ ክረምት ሲገባ ማን ያርስልኛል?»

ጎረቤት ድሃውን ያውቀዋል ብለን ነበር። እውነት ነው፣ ያውቀዋል። ማወቅና መናገር ግን ለየብቻ ናቸው። በኋላ የስም ዝርዝሩ በአደባባይ እንዲለጠፍ፣ ከመዝጋቢዎቹ የተለየ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም እንዲቋቋም መደረጉ ደግ ነው። ብቻ ቅሬታ ሰሚውም የዚያው ቀበሌ ሰው ነው።

አዛውንቱን ሌባ ለማለት አንደበቴ አይታዘዝም። የምወቅሳቸው ማካፈላቸውን ስለ ደበቁት ነው። ወደ ወረዳ በሚሄደው ወረቀት ሁሉም እንደ መመሪያው ተፈጽሟል ተብሎ ተጻፈ። እንዲህ ከሆነ ኮታው ማነሱን ላይኛው ክፍል በምን ይወቅ? ደግነታቸው ያን ዓመት ጎረቤት አዳነ፤ ለከርሞ ግን ያንኑ ጎዶሎ ኮታ አስመጣ። መቼም ያለ ምክንያት አልደበቁም። የወረዳ ሹም የሚመዘነው በዕቅድ አፈጻጸም ነው። ከሴፍቲኔት «ተመረቁ» የሚባሉት ሰዎች ቁጥር እንኳ በዕቅድ ከላይ የወረደበት ጊዜ ነበር። ከቅጹ ዝንፍ ያለ ሰው የሚቀጣ ከሆነ ፈጠራን ከማን እንጠብቃለን?

ለእኔ ቢተው በዚያ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ብቻ እጨምር ነበር። «መመሪያውን የለወጥንበት ምክንያት» የሚል። የሚሞላውም እንዳይጠየቅበት።

ለሴትዮዋ ግን ይህ አይበጃትም። እሷ የምትፈራው ወረዳውን ሳይሆን ባለ በሬውን ነው። ስሰናበታት ስሟንም፣ የቀበሌዋንም ስም እንዳልጽፍ አስምላኛለች።