ዝምታ ሲነቅዝ

ልጆቼ፣ ጎህ ሳይቀድ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወርዳችሁ ሰርቪስና ታክሲ የምትጠብቁ፣ ገሚሳችሁ ወደ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ገሚሳችሁ ወደ አቃቂና ቃሊቲ ፋብሪካዎች፣ ሌሎቻችሁም ወደ መሀል ከተማ መሥሪያ ቤቶች የምትበተኑ፣ ይህን ምክር የጻፍኩት ለእናንተ ነው። የመንገዱ ርዝመትና የኑሮው ውድነት እንደሚያደክማችሁ አውቃለሁ፤ ከሁለቱም የሚብሰው ግን ሠራተኛውን ለሚንቅ አለቃ ማደር ነው። እኛ ታላላቆቻችሁ ለእንዲህ ያለው ቀን ስንቅ ይሆናችኋል ብለን ሁለት ተረት አውርሰናችኋል፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እና «ዝም አይነቅዝም»። የመጀመሪያውን ዘመን ሽሮታል። ሁለተኛው ግን ዛሬም በየቢሮውና በየማምረቻው እንደ ጥበብ ይመከርበታል። በጎረቤት ጠብ መካከል ይበጅ ይሆናል፤ በሥራ ቦታ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ነቀዙም ዝም ያለውን ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ድርጅቱንም ይበላል።

አካሄዱን ልብ በሉ። አለቃው በሰው ፊት መዝለፍ ይለምዳል። ግምገማ ሥራ የሚታረምበት መሆኑ ቀርቶ ቂም የሚወጣበት መድረክ ይሆናል። ስህተቱን የጠቆመው ሰው ስህተቱን እንደፈጸመ ተቆጥሮ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይህን ያዩ ባልደረቦቹ በማግስቱ ሥራ አያቆሙም፤ በሰዓቱ ይገባሉ፣ ይፈርማሉ፣ እጃቸውም አያርፍም። የሚያቆሙት መናገር ነው። የማሽኑ ድምፅ እንደተለወጠ መጀመሪያ የሚሰማው አጠገቡ የቆመው ኦፕሬተር ነው፤ ደንበኛው ለምን እንደቀረ የምታውቀው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት፤ የመጋዘኑ ቆጠራ ከወረቀቱ ጋር እንደማይገጥም የሚያውቀው ንብረት ክፍሉ ነው። እነዚህ ሁሉ «ምን አገባኝ» ያሉ ቀን ሪፖርቱ እያማረ ቤቱ ይፈርሳል። የሠራተኛ ሞራል ወደቀ ሲባል ብዙ ኃላፊዎች የሚታያቸው የተኮሳተረ ፊት ነው። ትልቁ ኪሳራ ግን እታች ታውቆ ወደ ላይ ሳይደርስ የቀረው ነገር ነው።

የዚህን ዋጋ ኢትዮጵያ በገዛ ምድሯ አይታዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው እንደያዘ ባሕር ውስጥ ገብቷል። በሁለቱም አደጋ ላይ፣ ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ በደረሰው የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፍቅ ሥርዓት እጁ ነበረበት። ነገሩ የመሐንዲስ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላነሣውም ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በቦይንግ ኩባንያ ውስጥ የነበረውን የመደበቅ ባህል እንዲሁም ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ ይደረግ የነበረውን ጫና በዝርዝር አስፍሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተሰበሰበ የውስጥ መጠይቅ፣ የአውሮፕላኖችን ብቁነት በማረጋገጥ ሥራ ላይ ከነበሩት የኩባንያው ሠራተኞች መካከል መልስ ከሰጡት 39 በመቶው ተገቢ ያልሆነ ጫና እንዳለ፣ 29 በመቶው ደግሞ ጫናውን ቢያመለክቱ የሚከተለው እንደሚያሳስባቸው ተናግረው ነበር። የቦይንግ ሬንተን ፋብሪካ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው ኤድ ፒርሰንም ከሁለቱም አደጋ በፊት፣ በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ.፣ ሠራተኛው እንደዛለና ጥራት እንደወረደ ገልጾ ምርቱ ለጊዜው እንዲቆም ለበላዩ ጽፏል። ምርቱ አልቆመም። እርግጥ እሱ የጻፈው ስለ ማምረቻው እንጂ አፍንጫ ስለሚደፍቀው ሥርዓት አልነበረም፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ተገቢ አይሆንም። ቢሆንም የተጨነቀ ሠራተኛ የሚለው የማይሰማበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ያሳያል።

«እሱ የሩቅ አገር ታሪክ ነው፤ የእኛ ችግር ደመወዝ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ደመወዙን አላቃልልም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ጥናት የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበረ፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ያህል እንደሚተኩ አሳይተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን፣ ከአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ጋር ሆነው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን ተከታትለው ነበር፤ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ለቀዋል። ለቆ መሄድም የዝምታ አንዱ መልክ ነው፤ የሄደውን ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውምና። ብዙ አሠሪ ከዚህ የሚያወጣው ትርጉም «ወጣቱ የፋብሪካ ሥነ ሥርዓት አልለመደም» የሚል ነው። ጭራሽ ሐሰት ነው አልልም። በሰዓት መግባት፣ የአደጋ መከላከያ ማድረግ፣ የጀመሩትን ሥራ ሳይጨርሱ አለመተው መማር ያለባችሁ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ለእናንተ አላደላም። ነገር ግን ሥነ ሥርዓትና ውርደት አንድ አይደሉም። በጃፓኑ ቶዮታ ማንኛውም የመገጣጠሚያ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ የሚስበው ገመድ ነበረ፤ ሲሳብ የቡድን መሪው ይደርሳል፣ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በጥብቅነቱ የታወቀ ኩባንያ ሥራ የማስቆምን ሥልጣን ለተራው ሠራተኛ መስጠቱን አስተውሉ።

«ልጅ አለኝ፣ የኮንዶሚኒየሙን የባንክ ዕዳ በየወሩ እከፍላለሁ፤ ብናገር ማን ያበላኛል?» ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው። ፒርሰን ተናግሮ ምን አተረፈ ብትሉኝም መልስ አላጣላችሁም፤ የአንድ ሰው ደብዳቤ በቀላሉ ይታለፋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ተነሥታችሁ ብቻችሁን ተጋፈጡ አልላችሁም። መጀመሪያ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል፣ በቦታው የነበሩትን። አቤቱታችሁ ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስለ ሥራው ይሁን፤ «ይሳደባል» ከማለት «ሰኞ ስለ ማሽኑ ስናመለክት ተዘለፍን፣ ረቡዕ ማሽኑ ተሰበረ» ማለት ይበልጣል። ከዚያ በጋራ አቅርቡት፤ ማኅበር ካለ በማኅበሩ በኩል፣ ከሌለም አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማቋቋም መብታችሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንብቡ። አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመባችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጻችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ፤ ግን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት መብቱ ያልፋል። በሕጋዊ መንገድ ቢሆንም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጥባችሁ ከወር ደመወዛችሁ ሲሶ መብለጥ የለበትም። መልቀቅ ግድ ከሆነም ሌላ እንጀራ ሳትይዙ በንዴት አትውጡ።

ለእናንተ የምፈራው ግን ከአለቃ የሚደርስባችሁን ብቻ አይደለም። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ከእናንተ ብዙዎቹ የፈረቃ ተቆጣጣሪ፣ የቡድን መሪ፣ የክፍል ኃላፊ ትሆናላችሁ። «እኔም እንዲህ ተቀጥቅጬ ነው ለዚህ የበቃሁት» የሚል ሹም የተቀበለውን ዱላ ለተረኛው ያስረክባል፤ ክፉ አለቃ የሚበዛውም በዚህ መንገድ ነው። በተሾማችሁበት ሰሞን አንድ ሠራተኛ መጥፎ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ የተበላሸ ምርት፣ ያልደረሰ ዕቃ፣ ምናልባትም የእናንተኑ ስህተት። ሌሎቹ በሥራቸው ላይ እንዳሉ ፊታችሁን ያነብባሉ። ያን ጊዜ ወንበር ስጡት፣ እስኪጨርስ አታቋርጡት፣ የነገራችሁን እያየ ጻፉት፣ ምን እንደወሰናችሁም ፈረቃው ሳያልቅ ተመልሳችሁ ንገሩት።